«ልሽጥ ወይስ ልያዝ?» ስትሉኝ ለምን በግምት አልመልስም

 

ዛሬ ስለ ተባይም ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀምም አልጽፍም። የዛሬው የግሌ አስተያየት ነው፣ ብትቃወሙኝም ደስ ይለኛል። በስልክም፣ በገበያ መንገድ ላይም፣ ለቅሶ ቤት እንኳን ሳይቀር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዋጋ ይጨምራል ወይ? ልሽጠው ወይስ ልያዘው?» ከእንግዲህ ይህን ጥያቄ በግምት አልመልስም። ሌላውም የልማት ሠራተኛ ወንድሜና እህቴ በግምት መመለስ ማቆም አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ከኃላፊነት ለመሸሽ አይደለም። የገበያ ዋጋ ውስጥ ሊታወቅ የሚችልና ሊታወቅ የማይችል ነገር አለ፤ ሁለቱን አደባልቀን ስንመክር ግን ኪሳራው የእናንተ ስለሚሆን ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር።

ከኮሌጅ በዲፕሎማ ወጥቼ ሥራ በያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ታላቅ የሆኑ አርሶ አደር ጥር ላይ መጡ። አሥራ ሁለት ኩንታል በቆሎ ለሽያጭ ነበራቸው። «ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፣ ልሽጠው ወይስ ክረምት ልጠብቅ?» አሉኝ። እኔም ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ዋጋው በጣም መውጣቱን አውቅ ነበርና ሳላመነታ «አባባ፣ እንዳይሸጡት፤ ሐምሌ ላይ ይከብርልዎታል» አልኳቸው። እሳቸውም አመኑኝ። ማዳበሪያ ለመግዛት ብድር ወሰዱ፣ በቆሎው ጎተራ ቀረ። የዚያ ዓመት ክረምት ዋጋው ከጥር ብዙም አልራቀም። ላዩን የደረቀ የመሰለንን በቆሎ ነቀዝ ከውስጥ በልቶት ነበር። ሐምሌ ላይ ሲሸጡ ከብድሩ ወለድ ጋር ተደምሮ ከጥሩ ሽያጭ ያነሰ ገንዘብ ነው የያዙት። አልተቆጡኝም። «የእግዜር ሥራ ነው» ብለው ነው ያለፉት። ነገሩ ግን የእግዜር ሥራ አልነበረም፣ የእኔ ግምት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ዋጋ የተጻፈ ነገር ሳገኝ ማንበብ ጀመርኩ።

የሳንቲሙ ጨዋታ

ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ይህን ሞክሩ። ደብተር ላይ 3,000 ብላችሁ ጻፉ፤ የአንድ ኩንታል ዋጋ ነው እንበል። አንድ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሩ። አንበሳው ከመጣ 50 ብር ጨምሩ፣ ሌላው ከመጣ 50 ብር ቀንሱ። አምሳ ጊዜ ወርውሩና የመጣውን ዋጋ በየተራ መዝግባችሁ በመስመር አገናኙት። የሚወጣው ሥዕል የእውነት የገበያ ዋጋ ይመስላል። ተከታታይ መውጣት ታያላችሁ፣ ተከታታይ መውረድ ታያላችሁ፣ «እዚህ ጋ ብሸጥ ኖሮ» የምትሉበት ጫፍ ታያላችሁ። ግን የጣላችሁት ሳንቲም ብቻ ነው። ሳንቲሙ ያለፈውን አያስታውስም።

ይህን ነገር አሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የእህል ገበያ ያጠና የነበረው ሆልብሩክ ወርኪንግ በ1934 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሞሪስ ኬንዳል ደግሞ በ1953 እ.ኤ.አ. የቺካጎን የስንዴ ዋጋና የኒውዮርክን የጥጥ ዋጋ ለብዙ ዓመታት በተከታታይ ወስዶ መረመረ። የሚፈልገው «ያለፈው ሳምንት ከወጣ የሚቀጥለውም ይወጣል» የሚያሰኝ ሥርዓት ነበር። ያገኘው ነገር ቢኖር የሳምንቱ ለውጥ ዕጣ የሚወጣ ያህል ካለፈው ጋር ብዙም ግንኙነት የሌለው መሆኑን ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ነገሩ ሲታሰብ ቀላል ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ስንዴ 200 ብር እንደሚጨምር ሁሉም ነጋዴ በእርግጠኝነት ቢያውቅ ማን እስከሚቀጥለው ሳምንት ይጠብቃል? ሁሉም ዛሬውኑ ይገዛል፣ ዋጋውም ዛሬውኑ ይወጣል። ስለዚህ የታወቀ ወሬ ሁሉ ዋጋው ውስጥ ቀድሞ ይገባል፤ ነገ ዋጋውን የሚያንቀሳቅሰው ዛሬ ማንም የማያውቀው ወሬ ነው። የምጣኔ ሀብት ሰዎች እንዲህ ያለውን ገበያ «ቀልጣፋ ገበያ» ይሉታል። ስሙን በ1970 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ በደንብ ያስተዋወቀው ዩጂን ፋማ የሚባል አሜሪካዊ ነው።

የቡናውን ነገር ተመልከቱ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የኒውዮርክ የአረቢካ ቡና ዋጋ በአንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ከዚያ በፊት ታይቶ ወደማያውቅ ደረጃ ደረሰ። ዋናው ምክንያት በብራዚል የነበረው ድርቅ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ገና ይወጣል» ብሎ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ ወደ 3 ዶላር አካባቢ ወረደ። «በቃ አለቀለት» ሲባል ደግሞ እንደገና ወደ 4 ዶላር ተመለሰ። በኮምፒውተርና በሳተላይት የሚሠሩ ትልልቅ ድርጅቶች ያልተነበዩትን እኔ ቀበሌ ላይ ቁጭ ብዬ እንዴት ልተንብይላችሁ?

የእኛ ገበያ ግን ቺካጎ አይደለም

እዚህ ጋ አንዳንዱ «ታዲያ ማወቅ የሚቻል ነገር ከሌለ ምን ታደርግልናለህ?» ይለኛል። ቆይ፣ አልጨረስኩም።

የቺካጎ ገበያ መረጃ ለሁሉም እኩል የሚደርስበት፣ መጋዘንና መንገድ ያለበት ነው። የእኛ ገበያ ላይ መንገዱ ይበላሻል፣ ስልክ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ዋጋ የሚያውቀው ደላላው ብቻ ይሆናል፣ ገበሬው ደግሞ ዕዳ ስላለበት በአንድ ወር ውስጥ ተሰልፎ ይሸጣል። እንዲህ ያለ ገበያ ቀልጣፋ አይደለም። ቀልጣፋ ያልሆነ ገበያ ደግሞ የሚታወቅ ነገር አለው። እኔ የምላችሁ፣ የነገውን ዋጋ መገመት ትታችሁ እነዚህን ሦስት የሚታወቁ ነገሮች ቁጠሩ።

አንደኛ፦ በሁለት ገበያ መካከል ያለው ልዩነት

በአንድ ቀን፣ ለአንድ ዓይነት እህል፣ በሁለት ገበያ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከማጓጓዣውና ከወጪው መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ልዩነቱን ሌላ ሰው እየበላው ነው ማለት ነው።

ሕንድ አገር ኬረላ በሚባለው ክፍለ ግዛት ዓሣ አጥማጆች ላይ የተሠራ ታዋቂ ጥናት አለ፤ ሮበርት ጄንሰን ነው ያጠናው። ሞባይል ከመግባቱ በፊት አንዱ የባሕር ዳርቻ ላይ ገዢ ጠፍቶ ዓሣ ይጣል ነበር፤ እዚያው አጠገብ ያለው ሌላ ዳርቻ ላይ ደግሞ ዓሣ ጠፍቶ ይወደድ ነበር። ከ1997 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ሞባይል በየአካባቢው ሲገባ አጥማጆቹ ገና ባሕር ላይ ሆነው እየደወሉ ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ። የዳርቻዎቹ ዋጋ ተቀራረበ፣ የሚጣል ዓሣ ቀረ፣ የአጥማጁ ትርፍ 8 በመቶ ገደማ ሲጨምር የሸማቹ ዋጋ ደግሞ 4 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ኒጀር ውስጥም ጄኒ ኤከር የተባለች ተመራማሪ በእህል ገበያዎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሞባይል ሲገባ ከ10 እስከ 16 በመቶ መቀነሱን አግኝታለች።

እኛ ስልክ አለን። ግን የምንደውለው ለሠርግና ለለቅሶ ነው። እስኪ እንዲህ እናስላ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው እንጂ የዘንድሮ ዋጋ አይደሉም። የቀበሌያችሁ ገበያ በቆሎ በኩንታል 3,000 ብር፣ የወረዳው ከተማ 3,250 ብር ነው እንበል። ልዩነቱ 250 ብር ነው። ማጓጓዣ፣ መጫኛና ማውረጃ ለኩንታል 120 ብር ቢሆን 130 ብር ይተርፋል። የእናንተ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና ምሳ 300 ብር ቢሆንስ? አንድ ኩንታል ይዞ የሄደ ሰው 170 ብር ከሰረ ማለት ነው። ሦስት ጎረቤት ተስማምቶ አሥር ኩንታል በአንድ ጭኖ አንድ ሰው ቢልክ ግን ከ1,300 ብር ላይ 300 ተቀንሶ 1,000 ብር ይተርፋቸዋል።

ስለዚህ «ከተማ ይወደዳል» የሚለው ወሬ ብቻውን አይበቃም። ልዩነቱን፣ ወጪውንና የኩንታሉን ብዛት አንድ ላይ ማየት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር ጥቅሙ የሚታየውም እዚህ ጋ ነው።

ሁለተኛ፦ ወቅት

የሰኞና የማክሰኞ ዋጋ ላይታወቅ ይችላል፤ የጥርና የሐምሌ ግን በአብዛኛው ይታወቃል። አዝመራ ሲሰበሰብ ዋጋ ይረክሳል፣ ጎተራ ሲጎድል ይወደዳል። ይህን ለማንም አርሶ አደር መንገር አያስፈልግም። ችግሩ «በአብዛኛው» የሚለው ቃል ላይ ነው። እኔ ያን ዓመት የተሳሳትኩት የአንድ ዓመት ክረምት አይቼ ነው። አንድ ዓመት ማስረጃ አይሆንም። ቢያንስ የአራትና የአምስት ዓመት የየወሩን ዋጋ ጎን ለጎን ጽፋችሁ ክረምቱ ከጥር ስንት ጊዜ በደንብ በለጠ፣ ስንት ጊዜ አልበለጠም ብላችሁ ቁጠሩ። ከአምስት ዓመት በሁለቱ ካልበለጠ፣ ስትይዙት ከአምስት ሁለት ጊዜ የምትሸነፉበት ጨዋታ ውስጥ መግባታችሁን ዕወቁ።

ቀጥሎ ደግሞ መያዝ በነጻ አይደለም። አሁንም ለምሳሌ ብቻ፦ ጥር ላይ 3,000፣ ሐምሌ ላይ 3,900 ብር ነው እንበል። 900 ብር የተገኘ ይመስላል። ነቀዝ ከኩንታሉ 10 ኪሎ ከበላው 390 ብር ሄደ። ጥር ላይ ባለመሸጣችሁ 3,000 ብር ተበድራችሁ ከሆነ፣ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ቢታሰብ የስድስት ወሩ 270 ብር ነው። ኬሻና መድኃኒት 100 ብር ቢሆን ጠቅላላ ወጪው 760 ብር ይሆናል። የቀራችሁ 140 ብር ነው። ሐምሌ ላይ ዋጋው 3,400 ብቻ ቢደርስ ደግሞ ነቀዙ 340፣ ወለዱ 270፣ ኬሻና መድኃኒቱ 100፣ በድምሩ 710 ብር ወጪ ሆኖ የተገኘው 400 ብቻ ስለሆነ 310 ብር ከሰራችሁ።

እስኪ አየር የማያስገባውን ከረጢት ተጠቀሙና እንደገና አስሉት። እህሉ በደንብ ደርቆ ከገባና አፉ በደንብ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ጉዳቱ 1 ኪሎ ብቻ ቢሆን 39 ብር፣ ከረጢቱ 150 ብር፣ ወለዱ 270 ብር፣ በድምሩ 459 ብር። በ3,900 ብር ስትሸጡ 441 ብር ይቀራችኋል። ያው ዋጋ፣ ያው ገበያ፣ ትርፉ ግን ሦስት እጥፍ ሆነ። ሐምሌ ላይ የሚመጣውን ዋጋ መቆጣጠር አንችልም፤ ነቀዙን ግን እንችላለን።

ሦስተኛ፦ የሽንኩርት ወጥመድ

መስኖ ያላችሁ ወገኖቼ ይህን በደንብ አንብቡልኝ። ባለፈው ዓመት ሽንኩርት ተወደደ። ዘንድሮ ሁሉም ሰው ሽንኩርት ደፋ፣ ዘር እንኳን ተወደደ። ሁሉም በአንድ ሰሞን ሲያነሳ ገበያው ተጥለቀለቀ፣ ዋጋው ለቃሚ እንኳን የማይከፍል ሆነ። ሽንኩርት ማሳ ላይ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ተማርሮ ማንም አልተከለም፤ ያኔ ደግሞ ተወደደ። ይህ መዞር አዲስ አይደለም። በ1938 እ.ኤ.አ. ሞርዴካይ ኢዝኪየል የሚባል አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ የሸረሪት ድር ንድፈ ሐሳብ በሚል ጽፎበታል። ሥዕሉ ሲሳል ዋጋና ምርት እንደ ሸረሪት ድር እየተሽከረከሩ ስለሚሄዱ ነው ስሙ። ገበሬ የሚዘራው በባለፈው ዋጋ ነው፤ የሚሸጠው ግን በሚመጣው ዋጋ ነው። በመካከሉ ሽንኩርት ከመደብ እስከ ማንሳት አምስት ወር ገደማ ይፈጃል።

ስለዚህ ሽንኩርት ስትተክሉ የምትጠይቁት ጥያቄ «አምና ስንት ነበር?» መሆን የለበትም። «ዘንድሮ ስንት ሰው መደብ ሠራ?» በሉ። በእግራችሁ ዞራችሁ የጎረቤቶቻችሁን የችግኝ መደብ ቁጠሩ። ዘር ሻጩን ሽያጩ ከአምናው በለጠ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሌላው የመስኖ አካባቢ ያለውን ዘመዳችሁን ደውላችሁ ጠይቁ። መደቡ ከአምናው በእጅጉ ከበዛ ሁለት ጥማድ ልትተክሉ የነበረውን አንድ አድርጉትና በሌላው ላይ ስንዴ ወይም ድንች ሞክሩ። ይህን የመደብ ቆጠራ በየቀበሌው እኛ የልማት ሠራተኞች ብንሠራውና ለሁሉም ብንነግር ትልቅ አገልግሎት ነበር። ሪፖርት የምንሞላበት ጊዜ ግማሹ ይበቃዋል። ይህን ስል አለቆቼ እንዳይቀየሙኝ።

ብር ሲለወጥ ዋጋ ይዋሻል

አሁን ደግሞ ስለ ዶላር ትንሽ ልበል፤ «እኛን ምን አገባን?» እንዳትሉ። ማዳበሪያው በዶላር ነው የሚገባው። ቡናውና ሰሊጡ በዶላር ነው የሚወጣው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የብርን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። ከዚያ በፊት ባንክ ላይ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ግን ከባንክ ውጭ ያለው ዋጋ የባንኩን እጥፍ ያህል ነበር። በገበያ ቋንቋ ይህም ልክ እንደ ሁለቱ የእህል ገበያዎች ነው፦ አንድ ዕቃ፣ ሁለት ዋጋ። ልዩነቱ ሲሰፋ የሚበላው ሰው አለ።

በዚያ ዘመን አንዳንድ ላኪዎች ቡናና ሰሊጥ እዚህ ውድ ገዝተው ውጭ በኪሳራ ይሸጡ ነበር። ዶላሩን ሲያገኙ ሌላ ዕቃ አስገብተው ኪሳራውን ይመልሱታል። ስለዚህ የአገር ውስጡ ዋጋ ከኒውዮርኩ ጋር አይገጥምም ነበር። የዓለም ዋጋ አይቶ የሚገምት ሰው ይሳሳት የነበረው ለዚህ ነው። ቁጥር ብቻውን አይናገርም፤ ከጀርባው ያለውን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል።

ለእናንተ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ብር ሲረክስ የእህል ዋጋ በብር ይወጣል፣ ሰውም «ዘንድሮ ጥሩ ነው» ይላል። ጥሩ መሆኑን ለማወቅ በብር አትቁጠሩ። «አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ለመግዛት ስንት ኩንታል በቆሎ እሸጣለሁ?» ብላችሁ ቁጠሩ። ለምሳሌ ድሮ በቆሎ 2,000፣ ማዳበሪያ 4,000 ብር ከነበረ ሁለት ኩንታል በቂ ነበር። ዛሬ በቆሎ 4,000 ሆኖ ማዳበሪያ 10,000 ከሆነ ሁለት ኩንታል ተኩል ያስፈልጋል። በቆሎው እጥፍ አወጣ፣ እናንተ ግን ወደ ኋላ ሄዳችሁ። አባቶቻችን ይህን ስሌት ያለ ትምህርት ያውቁታል፤ በሬውን በጤፍ፣ በጎን በገብስ ይተምኑ ነበር።

ይህ ጨዋታ አይደለም

«ዋጋ ቢወድቅ ምን ይሆናል? አንድ ዓመት ነው» የሚል ካለ 1994 ዓ.ም.ን ያስታውስ። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ታላላቆቻችን ግን አይረሱትም። ተከታታይ ጥሩ ምርት ተገኝቶ የበቆሎ ዋጋ ወደቀ። ማዳበሪያ በብድር የወሰደ ሰው በቆሎውን ሸጦ ዕዳውን መክፈል አቃተው። በቀጣዩ ወቅት ብዙ ገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ቀነሰ። እላዩ ላይ ዝናብ ቀረ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። አንዱ አካባቢ እህል ረክሶ፣ ጥቂት ቆይቶ አገሩ በሙሉ ተራበ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መሥራቿ ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን ደጋግመው ያነሱት የነበረው ይህንኑ ነው። ምርት ገበያው ለቡናና ለሰሊጥ ብዙ ሠርቷል። የበቆሎና የጤፍ ገበያ ግን እስካሁን በአብዛኛው እዚያው በለመድነው በረንዳና በደላላ እጅ ነው።

«ደላላው ሌባ ነው» በሚለውም ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ደላላው የሚሸጠው መረጃ ነው። እኛ መረጃውን ስለሌለን እንከፍለዋለን። መረጃው ኖሮን ብንጠይቀው እሱም ዋጋውን ያስተካክላል።

እና ምን እናድርግ?

የእኔ ምክር አጭር ነው። አንደኛ፣ የልጃችሁን ያለቀ ደብተር ውሰዱና በየሳምንቱ የገበያ ቀን አንድ መስመር ጻፉ፦ ቀን፣ ገበያ፣ እህል፣ የጥራት ደረጃ፣ ዋጋ። ነጋዴ የጠየቀውን ሳይሆን በእውነት የተሸጠበትን ጻፉ። ሁለተኛ፣ በአንድ ቀን ሁሉን አትሽጡ። ለሽያጭ ያለውን በሦስት ክፈሉት፦ ለዕዳና ለግብር የሚሆነውን ጥር ላይ፣ ሌላውን ሚያዝያ ላይ፣ የቀረውን ሐምሌ ላይ።

«ከፍዬ ከሸጥኩ ትልቁ ዋጋ ያመልጠኛል» የሚል ሰው አለ። እውነት ነው፣ ያመልጣል። ዋጋው 3,000፣ 3,400፣ 3,900 ሆኖ ከወጣ አማካዩ 3,433 ብር ነው፤ ሁሉን የያዘው ሰው በ3,900 ሸጦ ይስቅባችኋል። ዋጋው 3,000፣ 3,100፣ 2,800 ሆኖ ከወረደ ግን ሁሉን የያዘው ሰው በኩንታል 200 ብር ሲከስር እናንተ 33 ብር ገደማ ብቻ ነው የምትከስሩት። ነጋዴ ሁለቴ ከስሮ ሊነሳ ይችላል። በሬውን ሸጦ ዕዳ የከፈለ ገበሬ ግን ለመነሳት ዓመታት ይፈጅበታል። የእኛ ሒሳብ ትልቁን ከማግኘት ይልቅ ትልቁን ላለማጣት መሆን አለበት ባይ ነኝ።

«የምበላው የለኝ፣ ጥር ላይ ሳልሸጥ እንዴት እኖራለሁ?» የሚሉኝም አሉ። እነሱ እውነት አላቸው። ለእነሱ ችግሩ የዕውቀት አይደለም፣ የገንዘብ ነው። ጥር ላይ ግብርም፣ የብድር መመለሻም፣ የሠርግ ወጪም አንድ ላይ ይመጣል። የብድር መመለሻ ቀን ለምን ምርት በረከሰበት ወር ላይ ይሆናል? ሁለት ወር ቢገፋ እንኳን ብዙ ሰው ይተነፍሳል። ይህን የሚወስኑ ሰዎች ይህን ገጽ ካነበቡት አደራዬን ሰምተውኛል ብዬ ልመን።

እኔ በበኩሌ ከዚህ ወር ጀምሮ ቀበሌያችን ማሰልጠኛ ማዕከል በር ላይ በጠመኔ የምጽፍበት ሰሌዳ ሰቅያለሁ። በየሳምንቱ የሦስት ገበያ ዋጋ እጽፋለሁ። ትንበያ አልጽፍም።

እነዚያ በመጀመሪያ የነገርኳችሁ አባት ባለፈው ሳምንት ሰሌዳው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ማንበብ ስለማይችሉ የልጅ ልጃቸውን አስነበቡና ጣታቸውን እያጠፉ አሰሉ። ከዚያ «ታዲያ ልሽጠው ወይስ ልያዘው?» አሉኝና ሳቁ። «አባባ፣ አላውቅም» አልኳቸው። «ጎሽ፣ አሁን ገና ተማርክ» አሉኝ። አራት ኩንታል ሸጠው ሄዱ።

እናንተም በየአካባቢያችሁ ያለውን ዋጋ ጻፉልኝ፤ ቀኑን፣ ገበያውንና ጥራቱን አትርሱ። ከበቂ ሰው ካገኘሁ ለሁላችንም በሰንጠረዥ አዘጋጅቼ እለጥፈዋለሁ። የተሳሳትኩት ስሌት ካለም አርሙኝ።

መልካም አዝመራ፣ ቸር ያሰማን።